ጤና ኬላው የት ይሠራ? ለሩቁ ሰው ዋስትና እንስጥ

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ጤና ኬላ፣ የውኃ ቦኖ ወይም አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የት እንደሚሠራ የሚወሰነው ባየሁት መጠን በሦስት ነገር ነው። አንደኛው፣ ካሳ የማያስነሳ የወል መሬት መገኘቱ። ሁለተኛው፣ አሸዋና ሲሚንቶ የጫነ መኪና ቦታው ድረስ መግባቱ። ሦስተኛው፣ በስብሰባው ላይ ድምፁ ጎልቶ የሚሰማው የየትኛው ጎጥ ሰው እንደሆነ። «ከዚህ ቦታ ርቆ የሚቀረው ሰው ስንት ሰዓት ይሄዳል?» የሚለው ጥያቄ ግን በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ አላየሁም።

ይህን የምለው ቃለ ጉባኤ ስለምይዝ ነው። ፍኖተ ሰላም ከተማ የምኖር የሒሳብ መምህር ነኝ፤ የተወለድኩት ግን በሰከላ በኩል ባለ የደጋ ቀበሌ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ወደ ቤተሰቦቼ ስወጣ «መምህር መጥቷል፣ እሱ ይጻፍ» ይሉና እስክሪብቶውን ያስይዙኛል። ስለዚህ ሰው ምን ብሎ እንደሚከራከር ብቻ ሳይሆን ክርክሩ ተጨምቆ ወረቀት ላይ ምን እንደሚቀርም አውቃለሁ። የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ቦታው ለሁሉም አማካይ ሆኖ በመገኘቱ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።» አማካይነቱን የለካው ሰው የለም። በሙሉ ድምፅ የተባለውም ከቆላው ጎጥ የሚመጡት ሰዎች መሽቶባቸው ቀድመው ከወጡ በኋላ ነው።

እርግጥ ነው፣ ጥያቄው ቀላል አይደለም። አንድ ወረዳ 40 ጎጦች አሉት እንበል፤ በ5ቱ ጤና ኬላ ይሠራል። አምስቱን ለመምረጥ 658,008 የተለያዩ አማራጮች አሉ። የሚመረጡት 10 ከሆኑ አማራጩ 847,660,528 ይደርሳል። ጎጥ በተጨመረ ቁጥር ሁሉንም እየቆጠሩ ማወዳደር የማይሞከር ይሆናል። አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ሪቻርድ ካርፕ እ.ኤ.አ. በ1972 የዚህ ዓይነት ጠባይ ያላቸውን 21 ችግሮች ዘርዝሮ እርስ በርስ የተሳሰሩ መሆናቸውን አሳይቷል። ከእነሱ ለአንዱ ምርጡን መልስ ሁልጊዜ በፍጥነት የሚያገኝ ስልተ ቀመር ቢገኝ ለሁሉም ይገኛል ማለት ነው። እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ብዙዎቹ ሊቃውንት ይገኛል ብለውም አያምኑም።

እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው «ከባድ ነው» ብሎ ነገሩን ለጉልበተኛና ለዕድል መተው ነው፤ እኛ የያዝነው ይህንን ነው። ሁለተኛው የሒሳብ ሰዎች ባለፉት ስድሳ ዓመታት የሄዱበት ነው፦ ምርጡን ማግኘት ባንችል እንኳ ከምርጡ ምን ያህል እንደራቅን በእርግጠኝነት የሚነግረን ዘዴ መፈለግ። የምከራከረው ለዚህኛው ነው። ደግሞም ከዘዴዎቹ አንዱ በቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ ያለ ኮምፒውተር፣ ማንበብና መጻፍ በማይችል አዛውንት ፊት ሊሠራና ሊፈተሽ ይችላል።

ከዘዴው በፊት ግን አንድ መለየት ያለበት ነገር አለ። ሒሳብ የማይወስንልን፣ እኛው የምንወስነው የፍትሕ ጥያቄ ነው። በአንድ መንገድ ላይ የተደረደሩ ሦስት ጎጦችን እንውሰድ። ከመኪናው መንገድ ዳር ያለው ጎጥ 200 አባወራ አለው። ከእሱ በግማሽ ሰዓት የሚገኘው 100 አባወራ፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት ተኩል ወርዶ ቆላው ውስጥ ያለው ደግሞ 40 አባወራ ነው። ኬላው መንገዱ ዳር ቢሠራ የሁሉም አባወራ የአንድ ጊዜ ጉዞ ሲደመር 170 ሰዓት ይሆናል። ከዚህ ያነሰ ድምር የሚሰጥ ቦታ የለም። የቆላው ሰው ግን ሦስት ሰዓት ይሄዳል። ኬላው በመንገዱ እኩሌታ ላይ ቢሠራ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ የሚሄድ ሰው አይኖርም፤ ድምሩ ግን ወደ 460 ሰዓት ያሻቅባል።

ሁለቱም «መሐል» ናቸው፤ አንዱ የብዙኃኑ፣ ሌላው የዳርቻው። እ.ኤ.አ. በ1964 ሉዊ ሐኪሚ የተባለ ኢራን የተወለደ መሐንዲስ የስልክ ማዞሪያ ጣቢያ የት ይቀመጥ የሚለውን ሲመረምር እነዚህን ሁለት መሐሎች ለይቶ አስቀምጧቸዋል። የብዙኃኑ መሐል ሁልጊዜ ከመንደሮቹ በአንዱ ላይ ሊገኝ እንደሚችል፣ የዳርቻው መሐል ግን በሁለት መንደሮች መካከል ባዶ ሜዳ ላይ ሊወድቅ እንደሚችልም አሳየ። የእኛ ስብሰባዎች ሳይጨርሱ የሚበተኑት፣ አንዱ ስለ መጀመሪያው፣ ሌላው ስለ ሁለተኛው እያወራ ሁለቱም «መሐሉ ላይ ይሁን» ስለሚሉ ነው።

የእኔ አቋም ይህ ነው። ለወፍጮ፣ ለገበያ፣ ለኅብረት ሥራ መጋዘን የብዙኃኑ መሐል ይበጃል፤ ዘግይቶ መድረስ ጉልበት ያደክማል እንጂ አይገድልም። ለምጥ፣ ለሕፃን ትኩሳት፣ ለእባብ ንድፊያ ግን መለኪያው የሩቁ ሰው ጉዞ መሆን አለበት። በቃሬዛ ተሸክሞ ሦስት ሰዓት አቀበት የሚወጣ ጎረቤት የወረዳው አማካይ አርባ ደቂቃ መሆኑን ቢነግሩት ምን ይጠቅመዋል? የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የሆነች እህቴ ነገሩን በአጭሩ ትለዋለች፦ «ከቅርብ የሚመጣውን መዝገቡ ላይ አገኘዋለሁ፤ ከሩቅ ያለውን የማገኘው ለቅሶ ስሄድ ነው።»

አሁን ወደ ዘዴው ልምጣ። ተኦፊሎ ጎንዛሌዝ እ.ኤ.አ. በ1985 ያቀረበው ነው፤ በዚያው ዓመት ዶሪት ሆክባውምና ዴቪድ ሽሞይስ በሌላ መንገድ እዚያው ደርሰዋል። የመጀመሪያውን ኬላ በፈለጋችሁት ጎጥ አድርጉ። ከእሱ በጣም የሚርቀውን ጎጥ ፈልጉና ሁለተኛውን እዚያ አድርጉ። ቀጥሎ ለሁለቱም የሚርቀውን፣ ማለትም ቅርቡ ኬላ እንኳ ከሁሉም በላይ የሚርቅበትን ጎጥ ፈልጋችሁ ሦስተኛውን እዚያ አድርጉ። ገንዘቡ እስኪያልቅ እንዲሁ ቀጥሉ። ዘዴው ይኸው ነው።

ዋስትናውስ? በዚህ መንገድ ሦስት ኬላ መርጣችሁ ስትጨርሱ ርቆ የቀረው ጎጥ አራት ሰዓት ይሄዳል እንበል። ሦስቱ የተመረጡት ጎጦችና ይህ የቀረው አራተኛ ጎጥ፣ ማንኛቸውም ከማንኛቸው ቢያንስ አራት ሰዓት ይራራቃሉ፤ የአመራረጡ ደንብ ያስገድዳልና። አሁን ሌላ ሰው ይነሣና «እኔ ከእናንተ የተሻለ ሦስት ቦታ አውቃለሁ» ይበል። አራት ጎጥ ለሦስት ኬላ ሲከፋፈል ሁለቱ ጎጦች የግድ አንድ ኬላ ይጋራሉ። እነዚያ ሁለቱ አራት ሰዓት ስለሚራራቁ፣ ወደ ጋራ ኬላቸው የሚሄዱት ጉዞ ሲደመር ከአራት ሰዓት ሊያንስ አይችልም። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይሄዳል። ማንም የፈለገውን ያህል ቢራቀቅ ከሁለት ሰዓት በታች አይወርድም ማለት ነው። የእኛ አራት ሆነ፤ ከምርጡ እጥፍ አይበልጥም።

ይህን ማረጋገጫ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሳስተምር ቀለል ያለ ካርታ ሰጥቻቸው ነበር። ስምንት ጎጥና ሁለት ኬላ፣ ርቀቱ በደርሶ መልስ ሰዓት። የመጀመሪያውን የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ካለበት ጎጥ አደረጉ። በጣም የሚርቀው አራት ሰዓት ደርሶ መልስ ያለው የገደሉ ሥር ጎጥ ስለነበር ሁለተኛውን እዚያ አደረጉ። ርቆ የቀረው ጎጥ ሁለት ሰዓት ሆነ። በዚህ ብቻ፣ በዚያ ካርታ ላይ ሁለት ኬላ የሚሠራ ማንም ሰው ከአንድ ሰዓት በታች ሊያወርደው እንደማይችል አወቁ። ከኋላ ወንበር የተቀመጠች ልጅ ሁለተኛውን ኬላ አንድ ጎጥ ወደ ላይ ብታወጣው የሩቁ ጉዞ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል እንደሚወርድ አሳየች። እሷ ያገኘችው ከምርጡ ቢበዛ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ምርጡን ሳታውቅ ከምርጡ ምን ያህል እንደራቀች አወቀች።

«እጥፍ እኮ ብዙ ነው» የሚል ይኖራል። እጥፉ ግን ከዚያ ያለፈ አይከሰትም የሚባልበት ጣሪያ እንጂ ሁልጊዜ የሚያጋጥም ውጤት አይደለም፤ የተማሪዬ ካርታ እንዳሳየው በእጅ ትንሽ ማስተካከል ብዙ ያሻሽላል። በሌላ በኩል ለማንኛውም ካርታ በፍጥነት ከእጥፍ ያነሰ ዋስትና የሚሰጥ ዘዴ ማግኘት ምርጡን ራሱን ከማግኘት እኩል ከባድ መሆኑ ተረጋግጧል። በዘልማድ የምንመርጠውስ ስንት እጥፍ ይሆን? ምንም ጣሪያ የለውም፤ አሥር እጥፍም ቢሆን የሚነግረን የለም።

«ዘንድሮ ኮምፒውተር አለ፣ ይሥራው» የሚልም አለ። እውነት ነው፣ አርባ ጎጥ ላለው ወረዳ ዛሬ አንድ ላፕቶፕ ትክክለኛውን ምርጥ መልስ ሊያወጣ ይችላል። ከተሠራ እሰየው! ነገር ግን ከላፕቶፕ የወጣ መልስ በስብሰባ ላይ «ማሽኑ ብሏል» ሆኖ ይቀርባል፤ «ባለሥልጣኑ ብሏል» ከሚለው የሚለየው ጥቂት ነው። የሩቁን ሰው እየፈለጉ የመሄድ ዘዴ ግን አዳራሹ ውስጥ ያለ ሁሉ አብሮ ይቆጥረዋል። «ከእናንተ ይልቅ እኛ እንርቃለን» የሚል ጎጥ ተነሥቶ ሊሞግት ይችላል፤ ሙግቱም በቁጥር ይፈታል። ገበሬ ሊፈትሸው የማይችለው ፍትሕ ለገበሬ ፍትሕ አይደለም።

ዘዴው ለእኛ አገር ሁኔታ የሚመችበት ሌላ ምክንያት አለው። በጀት አንድ ጊዜ ተጠቃሎ አይመጣም፤ ዘንድሮ ለአንድ ኬላ፣ ከርሞ ለሁለት፣ ከዚያ ደግሞ ለምንም። በዚህ ዘዴ የወጣው ዝርዝር ተራውን ጠብቆ እስከ ተሠራ ድረስ ገንዘቡ በየትኛውም ቁጥር ላይ ቢቋረጥ ዋስትናው አይፈርስም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ከምርጥ ሦስት፣ የመጀመሪያዎቹ ሰባት ከምርጥ ሰባት በእጥፍ ውስጥ ናቸው። ቀድሞ የተሠሩ ኬላዎች ካሉም አናፈርሳቸውም፤ ያሉትን መነሻ አድርገን ከእነሱ በጣም የሚርቀውን እየፈለግን ስንጨምር፣ እነሱን ይዞ ከሚገኘው ምርጥ አንጻር ያው ዋስትና ይጸናል።

መሬቱስ? በሩቁ ጎጥ ውስጥ ለግንባታ የሚሆን ደልዳላ ቦታ ባይኖር፣ ለዚያ ጎጥ ከተፈቀዱት ቦታዎች የሚቀርበው ይወሰዳል፤ ዋስትናው ከእጥፍ ወደ ሦስት እጥፍ ይሰፋል እንጂ አይጠፋም። ይህ ራሱ ለአስተዳደሩ ጥሩ ትምህርት ነው፤ የቦታ ምርጫን አስቀድሞ ማጥበብ ዋጋ እንዳለውና ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ በግልጽ ያሳያል።

የጎጃም መልክዓ ምድር ደግሞ የራሱን ጣጣ ያመጣል። ከደጋ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው ቁልቁል ሁለት ሰዓት የሄደበትን መንገድ አቀበቱን ሲመለስ ሦስትና አራት ሰዓት ይፈጅበታል። ከላይ ያየነው ማረጋገጫ የሚሠራው ርቀቱ ከሁለቱም ጫፍ ሲለካ እኩል ሲሆን ነው። በአንድ አቅጣጫ ሰዓት ከለካን ዋስትናው ይፈርሳል፤ ይህም ችግር በሒሳቡ ዓለም እጅግ የከበደ ሆኖ ይታወቃል። መፍትሔው ግን እጃችን ላይ ነው። በደርሶ መልስ እንለካ። ከላይ ወደ ታች ወርዶ መመለስና ከታች ወደ ላይ ወጥቶ መመለስ ያው አንድ መንገድ ነው፣ ሰዓቱ እኩል ይሆናል፤ ዋስትናውም ይመለሳል። ለሕዝቡም ትክክለኛው መለኪያ ይኸው ነው፤ ክትባት ያስከተበች እናት ሕፃኗን አዝላ ትመለሳለችና።

ሁለተኛው ጣጣ ክረምት ነው። ላህ፣ ብር፣ ፈጣም፣ ተምጫ፣ ሁሉም ወደ ዓባይ የሚወርዱ ናቸው። በየካቲት ድንጋይ እየረገጡ የሚሻገሯቸው ገባሮቻቸው በነሐሴ ሰው ይወስዳሉ። የበጋ ካርታ ይዞ የተመረጠ ኬላ በክረምት ለወንዝ ማዶ ሰው የለም ማለት ነው። ስለዚህ መለካት ያለበት በነሐሴ፣ ድልድይ ባለበት በኩል ዞሮ የሚሄድ ሰው ጉዞ ነው። ኬላው አጥብቆ የሚፈለግበት የወባ ወቅትም ብዙ ሳይቆይ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይከተላል።

ከኬላው ቀጥሎ መንገዱ ይመጣል። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ያለመ ነበር። በአነስተኛ ወጪ ሁሉንም የማገናኘት ጥያቄ ከቦታ መረጣው ይልቅ ይቀላል። ቼኩ የሒሳብ ሊቅ ኦታካር ቦሩቭካ እ.ኤ.አ. በ1926 የሞራቪያን የኤሌክትሪክ መስመር በምን ያህል አጭር ሽቦ መዘርጋት እንደሚቻል ሲጠየቅ ፈትቶታል። ርካሹን መገናኛ እያስቀደሙ፣ ቀድሞ የተገናኘውን ዳግም ሳያገናኙ መቀጠል ነው። ይህ ጥያቄ ትክክለኛ ምርጥ መልስ በፍጥነት ይገኝለታል። የሚከብደው ከመንደሮቹ ውጪ ባዶ ቦታ ላይ መገንጠያ ማበጀት ሲፈቀድ ነው፤ ያኔም ቢሆን ቀላሉ ዘዴ ከምርጡ እጥፍ አያልፍም።

ቁጠባው ግን አንድ ነገር ይደብቃል። በአነስተኛ ወጪ የተሠራ መረብ ከየትኛውም ቀበሌ ወደየትኛውም ቀበሌ አንድ መንገድ ብቻ ነው የሚተወው። አንድ ቱቦ በጎርፍ ከተወሰደ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይቆረጣል። አንድ ዐይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይላሉ። ከፍኖተ ሰላም ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው በደጀን በኩል የዓባይን ሸለቆ ይሻገራል፤ ያ ቢዘጋ ከቡሬ ወደ ነቀምቴ የሚገነጠለው መንገድ አለ፣ ዙሪያው ጥምጥም ቢሆንም። ለትልቁ መንገድ ያለው ይህ አማራጭ ለገጠሩ ቀበሌ የለም። ካማል ጄን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1998 አንድ መስመር ቢቆረጥ እንኳ የማይበጠስ መረብ ከምርጡ ወጪ እጥፍ ባልበለጠ መንደፍ እንደሚቻል አሳይቷል። መንገድ ሁሉ መንታ ይሁን አልልም፤ አቅማችን አይፈቅድም። ጤና ጣቢያ ያለበት ቀበሌ ግን ሁለት መግቢያ ይኑረው እላለሁ። አምቡላንስ የሚመጣው ከአንድ ወገን ብቻ ከሆነ፣ አንድ ድልድይ የስንት ቀበሌ ነፍስ ተሸክሟል ማለት ነው?

ነገሩ በጤናና በመንገድ አያበቃም። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ንድፍም ያው የቦታ ጥያቄ አለበት። ፓርኩ ማዕከል ሆኖ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ሞጣ፣ ዳንግላና እንጅባራን ጨምሮ በአካባቢው ከተሞች የሚቋቋሙ የገጠር ሽግግር ማዕከላት ምርቱን ከገበሬው ተቀብለው ወደ እሱ እንዲያደርሱ የታሰበ ነው። እዚህ ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። ማዕከል መክፈት ገንዘብ ይፈጃል፤ ማዕከል ማነስ ደግሞ የበቆሎና የበርበሬ ጆንያ በአህያና በጋሪ ረጅም መንገድ እንዲጓጓዝ ያደርጋል። የሁለቱ ድምር አነስተኛ የሚሆንበትን ቦታ መፈለግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ሽሞይስ፣ ታርዶስና አርዳል ለዚህ ጥያቄ ከምርጡ በጥቂት እጥፍ ብቻ የሚርቅ መልስ ሁልጊዜ የሚሰጥ ዘዴ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሺ ሊ የተባለ ተመራማሪ ዋስትናውን ወደ 1.488 እጥፍ አወረደው። ከ1.463 በታች መውረድ እንደማይቻል አብዛኛው ሊቅ ይቀበላል። የዓለም ሊቃውንት ከሦስት መቶኛ ለምታንስ ክፍተት ሲጨነቁ፣ እኛ ዋስትና የሚባል ነገር መኖሩን ሳናስብ ቦታ እንመርጣለን።

ለፓርኩ ዓይነት ተቋም የብዙኃኑ መሐል ትክክል ነው ብያለሁ። አንድ ነገር ግን ይታይ። ወጪው የሚሰላው ከከተማው ማዕከል እስከ ቡሬ ባለው የአስፋልት ጉዞ ብቻ ከሆነ፣ ከጎጡ እስከ አስፋልቱ ያለው የአህያ ጉዞ ከስሌቱ ይወድቃል። ያንን የሚሸፍነው ደላላ ነው፤ ሒሳቡን ደግሞ ከገበሬው ዋጋ ላይ ይቀንሳል።

የምንለካበት መረጃስ? የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር አንድ ጤና ኬላ ከ3 ሺህ እስከ 5 ሺህ ሕዝብ እንዲያገለግል፣ ሁለት ባለሙያዎችም እንዲመደቡለት ነበር የታቀደው። ይህ የሰው ቁጥር መለኪያ ነው፤ ርቀት አይናገርም። ጃቢ ጠህናን ወረዳ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ179 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበረው፤ በመለኪያው ከ36 እስከ 60 ኬላ ማለት ነው። ይሁን እንጂ 60ውም አስፋልቱን ተከትለው ቢደረደሩ መለኪያው ተሟልቷል ይባላል! ከ1999 ወዲህ ደግሞ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም፤ በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ወጣት ሆኗል። በንጽጽር የውኃው ዘርፍ ይሻላል፦ የሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር ነዋሪ በቀን 25 ሊትር ውኃ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ብሎ ደንግጎ ነበር። ደረሰም አልደረሰም፣ ርቀቱ ቢያንስ በጽሑፍ ሰፍሮ ነበር። ለጤና ኬላው እንደዚያ ያለ የርቀት ወሰን በእያንዳንዱ ቀበሌ ደረጃ ለሕዝብ መነገር አለበት።

ጊዜውም ይህን ያስገድዳል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በዘለቀው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ገጠሩ ከሕክምና ተቆርጧል፤ ጉዳት የደረሰባቸውና ባዶ የቀሩ ጤና ተቋማትም ብዙ ናቸው። ሰላም ሲወርድ፣ ያውርድልን፣ የመልሶ ግንባታው ገንዘብ መጀመሪያ የሚደርሰው ለመኪና ወደሚመቹት ነው። እነሱን አስቀድሞ መጠገን ለሪፖርት ቁጥር ያምራል። በሩቁ ሰው መለኪያ ቢሆን ግን ተራው ይገለበጣል፤ መጀመሪያ የሚከፈተው ዛሬ ከየትኛውም ክፍት ተቋም በጣም የራቀው ነው። ርቀቱን ማሳጠር በማይቻልበት ደግሞ የእናቶች ማቆያ ቤት አለ። ቀኗ የደረሰ ነፍሰ ጡር ጤና ጣቢያው አጠገብ ሆና ምጧን ትጠብቃለች። ማቆያው የት እንደሚያስፈልግ የሚነግረንም ያው የሩቁ ጎጥ ዝርዝር ነው።

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። ማንኛውም ወረዳ የአገልግሎት ቦታ ሲወስን በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሦስት መስመር ይለጥፍ። አንደኛ፣ መለኪያችን የብዙኃኑ ድምር ነው ወይስ የሩቁ ሰው ጉዞ፣ ለምንስ? ሁለተኛ፣ በዚህ ውሳኔ በጣም የሚርቀው ጎጥ የትኛው ነው፣ በነሐሴ ደርሶ መልስ ስንት ሰዓት ይሄዳል? ሦስተኛ፣ በዚያው የኬላ ቁጥር ማንም ከስንት ሰዓት በታች ሊያወርደው አይችልም? ሦስተኛውን ለማስላት አንድ የሒሳብ መምህር፣ አንድ ከሰዓት በኋላና መንገዱን የሚያውቁ ጥቂት ሽማግሌዎች ይበቃሉ። በየወረዳው መምህር አለ፤ ሽማግሌም አለ።

ፖለቲካው ይቀራል እያልኩ አይደለም። የሩቁ ጎጥ ቁጥር ከተለጠፈ በኋላም ምክር ቤቱ ሌላ ቦታ ሊመርጥ ይችላል፤ መሬቱ ረግረግ ነው፣ ውኃ የለውም፣ ባለሙያዋ ብቻዋን ለማደር ትሰጋለች የሚሉ በቂ ምክንያቶች አሉ። ያን ጊዜ ግን ውሳኔው በሩቁ ሰው ላይ ስንት ሰዓት እንደጨመረ በግልጽ ይታወቃል፤ የወሰነውም ሰው በስሙ ይወስናል። ዛሬ የጎደለን ይህ ተጠያቂነት ነው።

እናንተ የቀበሌ ምክር ቤት አባላት፣ በሚቀጥለው የቦታ መረጣ ቃለ ጉባኤው ለፊርማ ሲዞር የሩቁ ጎጥ ስምና የጉዞው ሰዓት ተጽፎ እንደሆነ እዩ። ካልተጻፈ አትፈርሙ።